በልኳንዳው መንጠቆ ላይ የዋለው ምስል

የሰፈሩ ሠዓሊዎች ሥዕሎቻቸውን በየሱቁ መስቀል ሲጀምሩ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ዘርጋው ከራሳቸው መልክ የበለጠ ጥበብ አልታያቸውም። "በየሱቁ ምርጥ ቦታ ላይ የእኔ ምስል ይሰቀል!" ብለው አዘዙ።

ባለልኳንዳው ግን ግድግዳውን የሞላውን፣ ጎረቤቱ ሠዓሊ የሳለውን ሥዕል ለማውረድ አንጀቱ እንቢ አለው። አሰበ አሰበና የሊቀመንበሩን ምስል ከታፋውና ከጎድኑ መሃል፣ መንጠቆ ላይ አንጠለጠለው።

አቶ ዘርጋው ሊጎበኙ መጥተው ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

"አንተ! ቤትህን ሳላሳሽገው ተናገር! ምን ብለህ ነው እኔን ከሥጋ ጋር የሰቀልከኝ?"

"ጌታዬ፣ ምርጥ ቦታ ብለው አዘዋል" አለ ባለልኳንዳው እጅ እየነሳ። "በእኛ ቤት ምርጡ ቦታ መንጠቆው ነው። እሱም ላይ ያገኘነውን ሁሉ አንሰቅልም፤ በሰፈሩ ሣር የሰባውን ብቻ ነው።"