ሙሽራ የመሰለው መሰንቆ

ሥራውን ጥሎ ለጌጡ የሚሮጥ ሰው ስናይ የምንሰነዝራት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው አፉ ላይ ስለመጣችለት ብቻ ይላታል እንጂ ከየት እንደተነሣች አያውቅም። መነሻዋ ሸጋው የሚባል ሰው ነው። መልኩን አንክድም፣ እንደ ስሙ ሸጋ ነበር፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን ባጠገቡም አላለፈም።

ሸጋው የአዝማሪ ልጅ ነው። አባቱ መሰንቆ ሳያስተምረው ሞተና፣ እሱም በሰው ድግስ ላይ ከማጨብጨብ በቀር ሙያ ሳይኖረው ጎለመሰ። ኋላ የአዝማሪውን የአያ አሻግሬን ልጅ እንጉዳይን ወደደ። ወደደ ስል ቀልድ አይምሰላችሁ፣ እህል አልወርድለት ብሎ ነበር። ሽማግሌ ሲልክ አያ አሻግሬ እንዲህ አሉ፦

"መሰንቆ የማይመታ አማች አልፈልግም። መጥቶ ይማር። ለጥር በግራዝማች ደርሶ ልጅ ሠርግ ላይ አሳምሮ ከተጫወተ ልጄን እድርለታለሁ።"

ሸጋው በማግስቱ መጣ። አያ አሻግሬም፣ "መጀመሪያ ዜማውን በአፍህ ያዘው። አፍህ ያላወቀውን ጣትህ አያውቀውም" አሉት።

"እሱንማ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት አይደል?"

"መስማት ሌላ፣ መያዝ ሌላ። መምቻውን ደጋን ደግሞ በትከሻህ አትግፋው፤ በእጅህ አንጓ ሳበው። ክረምቱን ጣትህን በመሰንቆው ጭራ ላይ ሳታሳርፍ ባዶውን ብቻ እየገዘገዝህ ትከርማለህ። ከመጫወትህ በፊት የደጋኑን ጭራ ሁልጊዜ በሙጫ እሸው። ጭራ ከጭራ ካልተናከሰ ድምፅ የለም።"

ክረምቱን ሙሉ ባዶ ጭራ መገዝገዝ ለሸጋው ከእስር ቤት ባሰበት። ሳምንት ሳይሞላው ቀረ። ታዲያ ምን ይሠራ ነበር ብትሉኝ፣ መሰንቆውን ሲኩል ነበር። አንገቱን በጨሌ አስጠመጠመው፣ ቆዳው ላይ መስቀል አሣለበት፣ ጫፉ ላይ መስታወት አስገባለት። እንጉዳይ ምንጭ ስትወርድ አገኘችውና፣ "ሸጋው፣ አባባ አይቀልድም፤ ሌላ ሰውም ጠይቆኛል። ጨሌ ከምትጭንበት ብትለማመድበት ምናለ?" አለችው።

"አንቺ ዝም ብለሽ እይኝ። ዋናው ግርማ ሞገስ ነው" አላት። ግርማ ሞገስ አለ እንግዲህ፣ አንድ ዜማ የማያውቀው ሰውዬ።

የሠርጉ ዕለት ጧት ፀጉሩን ቅቤ ተቀብቶ ሲጨርስ ዓይኑ ደጋኑ ላይ አረፈ። ጭራው ደርቆ ሻክሯል። "እንዲህ የሻከረ ነገር እንዴት ለስላሳ ዜማ ያወጣል?" ብሎ በእጁ የተረፈውን ቅቤ ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው፤ የመሰንቆውንም ጭራ ደገመው። ሁለቱም ሲያብረቀርቁ አይቶ በገዛ ብልሃቱ ኮራ።

ዳሱ በሰው ጢም ብሏል። አያ አሻግሬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እንጉዳይ ከሴቶቹ መሀል ሆና የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ሸጋው መሰንቆውን ጉልበቱ መሀል አስገብቶ ደጋኑን ሳበ። ዝም። እንደ ዓሣ ሙልጭ እያለ ያልፋል እንጂ ድምፅ የለውም። ደግሞ ሳበ። በትከሻው ገፋ፣ በወገቡ ገፋ፣ ላቡና የራሱ ቅቤ ተቀላቅሎ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከኋላ አንዱ ጠጪ፣ "መሰንቆው ጾም ይዞ ነው መሰለኝ" ሲል ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

አያ አሻግሬ ልባቸው ራራና፣ "በል በአፍህ እንኳ አዚም" አሉት። አፉን ከፈተ፤ ያልያዘውን ዜማ ከየት ያምጣው? ወደ እንጉዳይ ቢያይ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

አያ አሻግሬ ተነሥተው ደጋኑን ተቀበሉት። ጭራውን በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው አሸተቱና ደጋኑን መለሱለት። "ቅቤ ነው። ከእንግዲህ ሽማግሌ አትላክብኝ፤ ልጄን ለሌላው ሰጥቻለሁ" አሉት።

ሸጋው አሁንም አልገባውም። "ምን ያጎደልሁበት ነገር አለ? ጨሌ አሰርሁለት፣ መስታወት አስገባሁለት፣ ራሴ የተቀባሁትን ቅቤ ቀባሁት" እያለ ይሟገታል። ይኼን ጊዜ ከምሰሶው ሥር ጠላቸውን ይዘው የተቀመጡት የሙሽራው አያት ቀና ብለው አዩትና እንዲህ አሉት፦ "አይ ልጄ፣ ሙጫ የነፈጉትን መሰንቆ ቅቤ አያዘፍነውም።"