የደብሪቱ መድኃኒትና የመሳቢያው ቁልፍ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ። ዛሬ ላምም በረትም የለም፤ ያለው የዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ መናደድ ካማራችሁም አብረን እንናደዳለን።

ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ አለ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ስትውጥ ኖራለች። አሁን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ መድኃኒት። የድሮውን ቫይረሱ ተላምዶታል፤ እንደ ጎረቤት ውሻ ቢያየውም አይደነግጥም። አዲሱ ቶሎ ካልተጀመረ ቫይረሱ አይወርድም፣ ቫይረሱ ካልወረደ ደግሞ ሕፃኑ ይዞት ሊወለድ ይችላል።

ለምን ተላመደው ካላችሁ፣ ባለፈው በጋ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ሆኖ ነው። መኪናው አልመጣም፣ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ እያሉ አምስት ሳምንት አመላለሷት። ካርዷ ላይ ግን የተጻፈው "መድኃኒት ታቋርጣለች" የሚል ነው። መድኃኒቱ እሷን ሲያቋርጣት የጻፈ ሰው የለም። ይሄ ያናድደኛል።

ደብሪቱ መድኃኒት ወደምትሰጠዋ ነርስ፣ ወደ ሲስተር አየሁ ሄደች። "ሲስተር፣ መድኃኒቴን ይቀይሩልኝ" አለቻት።

"አልቀይርም" አለች ሲስተር። "ቫይረሱ ከፍ ብሎ የታየው አንዴ ነው። መመሪያው ሁለተኛ ውጤት ይላል። ውጤት ይምጣ።"

ውጤቱ ያለው ትልቁ ከተማ፣ ላቦራቶሪው ዘንድ ነው። ላቦራቶሪው "ደም ሳይደርሰኝ ምኑን አይቼ?" አለ። ደሙ ተቀድቶ በረዶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱም "እግር የለኝም፣ ሹፌር ይውሰደኝ" አለ። እንግዲህ ደሙ ያለ ሹፌር አልሄድም አለ፣ ላቦራቶሪው ያለ ደም ውጤት አልሰጥም አለ፣ ሲስተር ያለ ውጤት አልቀይርም አለች፤ ደብሪቱም መድኃኒቷን አጣች።

የጤና ጣቢያው ሹፌር ጓንጉል ይባላል። "ጓንጉል ወንድሜ፣ ደሜን አድርስልኝ" አለችው።

"በምን ወረቀት፣ እህቴ? ማኅተም የሌለው የደም መላኪያ ወረቀት ይዤ ሄጄ ባለፈው ላቦራቶሪዎቹ ከበር መልሰውኛል። ማኅተም ይመታበትና አሁኑኑ እነሳለሁ።"

ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው "ቁልፌ ካልመጣ ንቅንቅ አልልም" አለ። መሳቢያው ያለ ቁልፍ ማኅተም አልሰጥም አለ፣ ሹፌሩ ያለ ማኅተም አልነሳም አለ፣ ደሙ ያለ ሹፌር አልሄድም አለ፣ ላቦራቶሪው ያለ ደም ውጤት አልሰጥም አለ፣ ሲስተር ያለ ውጤት አልቀይርም አለች፤ ደብሪቱም መድኃኒቷን አጣች። ሆዷ ግን እየገፋ ነው፤ ሆድ ማኅተም አይጠብቅም።

ቁልፉስ? ቁልፉ የጤና ጣቢያው ኃላፊ የአቶ ሽታሁን ኪስ ውስጥ ነው። አቶ ሽታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ማኅተም ለሰው መስጠት ያስጠይቃል ብለው ቁልፉን ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ይዘውት ይሄዳሉ። አሁን ደግሞ ለአምስት ቀን ስልጠና የዞኑ ከተማ ይዘውት ሄደዋል። ማንም ውክልና አልያዘም፤ ሠላሳ ሠራተኛ ያለበት ግቢ በአንድ ሱሪ ኪስ ተቆልፏል።

ደብሪቱ ደወለች። "ጋሼ፣ እባክዎ ቁልፉን በሚኒባስ ይላኩልን።"

"የመንግሥት ማኅተም ቁልፍ በሚኒባስ ይላካል እንዴ፣ ልጄ? ዓርብ እመጣለሁ። አሁን አቋርጬ ብወጣ ሰርተፊኬቱ ይቀርብኛል።"

ሲስተር ሳጥኑን ከፍታ አየች። ደሙ ሦስት ቀን ጠብቆ ተበላሽቷል። ደፉትና ከሌላው ክንዷ እንደገና ቀዱላት። ደብሪቱም ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች ተነሥታ የዞኑ ከተማ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

ስልጠናው በሆቴል አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል፤ "መድኃኒት የተላመደ ኤች አይ ቪን በጋራ እንከላከል" ይላል። አሰልጣኟ ዶክተር እሌኒ "ቫይረሱ መድኃኒት የሚላመደው ታካሚዎች ሲያቋርጡ ነው" እያለች ነበር። አቶ ሽታሁን ከፊት ተቀምጠው ይጽፋሉ።

"አላቋረጥኩም" አለች ደብሪቱ ከበሩ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ደብሪቱ ሆዷን ይዛ ወደ መሃል ገባች።

"ዶክተር፣ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው፤ እኔ ደግሞ በራሴ አንድ ቀን አልዘለልኩም። መድኃኒቱን ያጣሁት ከእናንተው ደጅ ነው። አሁንም ደጃችሁ ቆሜያለሁ። ሲስተር ያለ ውጤት አልቀይርም አለች። ላቦራቶሪው ያለ ደም ውጤት የለም አለ። ደሜ ያለ ሹፌር አይሄድም። ሹፌሩ ያለ ማኅተም አይነሳም። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ እኚህ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እዚህ ተቀምጠው ስለ እኔ ይማራሉ። ልጄ በሽታ ይዞ ቢወለድ የማንን ስም ካርዱ ላይ ትጽፋላችሁ?"

ዶክተር እሌኒ ወደ አቶ ሽታሁን ዞረች። "እውነት ነው?"

"መመሪያው እኮ ማኅተም ለሌላ ሰው አትስጥ ይላል" አሉ አቶ ሽታሁን፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"አይስጡ። እርስዎ ራስዎ ይሂዱ፣ አሁን። ሲመለሱም ውክልና ለሰው ጽፈው ይምጡ፤ ሰርተፊኬት የምሰጥዎ ያኔ ነው።"

አቶ ሽታሁን እስክሪብቷቸውን ዘጉ። ደብሪቱን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ሚኒባሱ ውስጥ ግን የመስኮቱን ወንበር ለቀቁላት፣ እስከ ዋርካ ሜዳም ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ።

ከዚያማ ነገሩ ወደ ኋላ ተተረተረ። ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፣ መሳቢያው ማኅተሙን ሰጠ፣ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ፣ ወረቀቱ ጓንጉልን አስነሳ፣ ጓንጉል ደሙን አደረሰ፣ ላቦራቶሪው ደሙን አየ፣ በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣ፣ ውጤቱን ያየች ሲስተር አየሁም መደርደሪያውን ከፈተች። መድኃኒቱ እዚያው ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ከደብሪቱ አግዳሚ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጧል።

"ይደርስልኛል፣ ሲስተር?" አለች ደብሪቱ።

ሲስተር በጣቷ ቆጠረች። "ሰባት ሳምንት አለሽ። አንድ ቀን ሳታሳልፊ ከዋጥሽው ይደርሳል። ማታ ማታ፣ ከምግብ በኋላ አንድ ፍሬ ነው።"

ደብሪቱ እዚያው ቆማ የተቀበለችውን ብልቃጥ ክዳን ከፈተች።

"ማታ ነው ያልኩሽ" አለች ሲስተር።

"የዛሬውን እዚሁ ነው የምውጠው። እስከ ማታ ደግሞ አንዱ ቁልፍ አንዱ ኪስ ውስጥ ይገባል።"

ሲስተር አየሁ ከራሷ ኮዳ ውኃ ቀዳችላት፤ ደብሪቱም ዋጠችው።

ተረቴን መልሱ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ንዴቱ እንዳለ ይቆይልኝ።