የላምቤቦ ባለ ሦስት እግር መኪና

አንድ ሰው ነበረ። የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው። ይህ ሰው ሚስቱን ይወዳል። ወገኖቼ፣ ይህችን ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ፤ ይወዳታል። በኋላ የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ምን ዓይነቱ ባል ነው" እንዳትሉብኝ ብዬ ነው።

ስሙን ላምቤቦ እንበለው፤ ሚስቱን ድንቅነሽ። የሚኖሩት በሀዲያ ምድር፣ ዝናብ የማይለያት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ድንቅነሽ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሰዎች ደርሰው ሲያነሷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። እጇም እግሯም። አፏ ደህና ነው፣ ሐሳቧ ደህና ነው፣ ግራ ጎኗ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የእሷ አልሆነም።

እናቷ ከወንዝ ማዶ ነው የሚኖሩት፤ በባጃጅ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አሮጊት ናቸው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። እሳቸው መምጣት አይችሉም፣ እሷ መሄድ አትችልም። የድንቅነሽ ጸሎት ታዲያ አንድ ብቻ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ እናቴ ዓይኗ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ፊቴን ትየኝ" ትላለች። ሌላ ነገር አልለመነችም።

ላምቤቦ ይህን ጸሎት ይሰማል። ሰምቶም ዝም አላለም። አንድ ጠዋት ባጃጅ ተኮናተረና ሚስቱን አቅፎ ከኋላ አስቀመጣት። እሱስ የት ተቀመጠ? በእኛ አገር ወጉን ታውቃላችሁ፤ ጋቢና የባል ነው። ባጃጅ ደግሞ ጋቢና የላትም። ቢሆንም የእኛ ሰው መቼ መላ ያጣል፤ "መንገዱን ላሳየው" ብሎ ከሹፌሩ ጎን ተለጠፈ።

ገና ከከተማው ሳይወጡ መታጠፊያ ላይ ድንቅነሽ ወደ ግራ ተንሸራተተች። ግንባሯ ብረቱን መታ፣ ደም ፈሰሳት። ተመለሱ።

ጎረቤት ተሰብስቦ "እንኳን እግዜር አተረፈሽ" ይላታል። ላምቤቦ ጥግ ይዞ ራሱን ይዟል። እንዲህ አለ፦ "ጥፋቱ የባጃጁ ነው። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት፤ መታጠፊያ ላይ ሚዛን የለውም። እኔ የራሴን እሠራላታለሁ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ። ከመሬት ዝቅ ያለ። እንደ አልጋ የማይነቃነቅ።"

በማግስቱ የወደቀ ሞተር ሳይክል ሞተር ተሸክሞ ገባ። ባለ ካሬ ደብተርም ገዛ። ንድፉ ተጀመረ።

ወገኖቼ፣ ያ ሰው እንዴት እንደለፋ ብታዩ ታዝኑለት ነበር። ከጋራዥ ሲመለስ በመስኮቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ይጎነበሳል። ቱቦላሬ ብረቱ ስንት ሜትር ይፈጃል? ካቴናው ከሞተሩ እስከ ኋላ ጎማ ይደርሳል ወይ? ፍሬኑ በእግር ይሁን በእጅ? የሞተር ሳይክል ሞተር ደግሞ የኋላ ማርሽ የለውም። እንግዲህ መኪናው እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል? ይህች ጥያቄ ብቻዋን አራት ወር በላች።

ጎረቤቱ አቶ ኤርጫፎ በአጥር በኩል ይተርበዋል። "ላምቤቦ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የአንተው ግን ገና አልተፈለፈለም። ለመሆኑ በሦስት እግር የሚቆም መኪና አለ?"

"ድስትህ በስንት ጉልቻ ነው የሚቆመው?" ይለዋል ላምቤቦ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

የድንቅነሽን ወንበር ግን ሠርቶ ሞክሮታል። ከብረት በየደው፣ ጋሪ ላይ አሰረው፣ በላዩ ሃምሳ ኪሎ በቆሎ በጆንያ አስቀመጠ። ጆንያውን በገመድ ጠፍሮ፣ ጋሪውን በየመታጠፊያው እየገፋ ሰፈሩን ዞረ። በቆሎው ንቅንቅ አላለም። ላምቤቦ ደስ ብሎት ደብተሩ ላይ "ወንበሩ ተስማምቷል" ብሎ ጻፈ።

ማን ነው የተስማማው? እስቲ ንገሩኝ። በቆሎው ነው።

ድንቅነሽ እዚያው ክፍል ውስጥ አልጋዋ ላይ ናት። አሥር እርምጃ አይርቅም። "እዚህ ጋ ይመችሻል ወይ?" ያላት የለም። ሊያስደንቃት ፈልጓላ። እየወደዳት እኮ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ በዝናብ ተደብድቦ መጣ። "ድንቄ፣ እናታችን ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ" አላት። "እህልም እየተወች ነው። ድንቅነሽን ጥሩልኝ ትላለች።" ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ላምቤቦ ደነገጠ። ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ሄደ። "ፍሬኑ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ሁለት ወር ብትታገሺኝ..." አለ።

"ደብተሩን አምጣልኝ" አለችው።

አመጣላት። በደህና እጇ ገለጠች። መኪናው አለ፤ ጎማው፣ መሪው፣ ከዝናብ የሚከልለው ላሜራ ሳይቀር አለ። ከነጂው ወንበር በስተኋላ አራት ማዕዘን ተስሎ "50 ኪ.ግ" ተጽፎበታል።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"እሷማ አንቺ ነሽ።"

"ፊቴ ወዴት ነው?"

"ወደ ፊት ነዋ። በእኔ ጀርባ በኩል።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ጀርባህን ነው ያየሁት፣ ላምቤ። መንገድ ላይም እሱኑ ላየው ነው?" አለችው።

ላምቤቦ ደብተሩን ከእጇ ወስዶ ከደነው።

"ያን ቀን ለምን እንደወደቅሁ ታውቃለህ?"

"ባጃጁ ሚዛን..."

"ባጃጁ ምን አደረገ? በግራዬ ሰው አልነበረም። ግራ ጎኔ ራሴን አይዝልኝም። አንተ ሹፌሩ ጋ ሳይሆን በግራዬ ብትቀመጥ፣ ትከሻህን ተደግፌ እናቴ ጋ እደርስ ነበር።"

ላምቤቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"በማግስቱ ያንን ሞተር ተሸክመህ ስትገባ ፊትህ እንዴት በርቶ ነበር። ላጠፋብህ አልወደድሁም። ነገ ዛሬ ይጠይቀኛል እያልሁም ቆየሁ። አልጠየቅኸኝም።"

ሲነጋ ባጃጅ ጠራ። የጠራው ያንኑ የድሮውን ሹፌር ነው። የሹፌሩን ጎን ተወና ከኋላ ገባ፣ በግራዋ ተቀመጠ፣ ትከሻውን ሰጣት። ያ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ድንቅነሽ ወደ ግራ ተንሸራተተች፤ እሱ ላይ አረፈች። አለፉ። ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የተሠራ ብልሃት የለም።

እናቷ በእጃቸው ዳበሷት። ጸጉሯን፣ ጉንጯን፣ ግንባሯን። "መጥተሻል፣ መጥተሻል" አሉ ደጋግመው። አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች። ደስታ ነበር፣ እውነተኛ ደስታ። ግን ወገኖቼ፣ ንድፉ ሲጀመር እኚያ እናት የልጃቸውን ፊት ማየት ይችሉ ነበር። ላምቤቦ በር ላይ ቆሞ ይህን አሰበ፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ሁለት ዓመት በብየዳ አይቀጠልም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህ ሰው ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ጨካኝ ነበር? አልነበረም። ሲወዳት ሁለት ዓመት ለፋ። ያጣው ፍቅር አይደለም፣ ያጣው አንድ ጥያቄ ነው።

እሷንም አንርሳት። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አበው። ሌላ ቦታ እውነት ይሆናል። በባልና በሚስት መካከል ግን ዝምታም ይነቅዛል፤ እኔ አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል።

አንተ ወንድሜ፣ ገጠር ላለችው እናትህ ቆርቆሮ ቤት ልትሠራ እያቀድህ ነው። መልካም ነው። እሷ የምትፈልገው ቤት ይሁን፣ ወይስ አንድ ቅዳሜ መጥተህ አጠገቧ መቀመጥህን? ጠይቀሃታል? አንቺ እህቴ፣ ልጅሽን ሐኪም ልታደርጊው ሌት ተቀን ትለፊያለሽ። ልጅሽ ምን እንደሚያስፈራው ታውቂያለሽ? እኛም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ለመበለቶች ይህን እናድርግ፣ ለወጣቶች ያንን እናድርግ ብለን ስንት ስብሰባ ተቀመጥን? ከመበለቶቹ አንዷን ጠርተን እንኳ ሰምተን እናውቃለን? እኔ ራሴ አልጠራሁም። ይህን ስነግራችሁ እያፈርሁ ነው።

የሰማዩ አባታችን የሚያስፈልገንን ሳንናገር ያውቃል። አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ንገሩኝ ይለናል፣ ቁጭ ብሎም ይሰማናል። እሱ ሁሉን እያወቀ ከሰማን፣ እኛ ግማሹን እንኳ ሳናውቅ ለምን እንቸኩላለን?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤት ግቡ። በጣም የምትለፉለት ሰው ማን ነው? እሱ አጠገብ ተቀመጡ። "ምን ላድርግልህ?" በሉት፤ "ምን ላድርግልሽ?" በሏት። ከዚያ ዝም በሉ፤ መልሱን እናንተ አትመልሱላቸው። ምናልባት የሚነግሯችሁ ነገር ካሰባችሁት እጅግ ያነሰ ይሆናል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ዛሬውኑ አድርጉት፤ የሚያይ ዓይን ሳለ።