የሽመላዎቹ መሪ

ይህችን ተረት የሚተርት እንጂ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም።

ፎገራ ሜዳ ላይ ጓዴ የሚባል ገበሬ ነበር፤ እርሻው ሰፊ፣ አፉ ከእርሻው የሰፋ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ሽመላዎች ባሕርና በረሃ አቋርጠው መጥተው የሽምብራ ማሳው ላይ ይሰፍራሉ። ያን ሁሉ አገር ሳይስቱ እንዴት እንደሚመጡ የመንደሩ ሰው ይከራከራል። አንዱ ፀሐይ አይተው ነው ይላል፣ ሌላው አሮጌዎቹ ልጆቹን እየመሩ ነው ይላል። ጓዴ ግን እኔ ጉብታ ላይ ወጥቼ ጋቢዬን ባላውለበልብላቸው ሱዳን ላይ ይቀሩ ነበር ብሎ ይምላል። ጉዱ ደግሞ ከልቡ ማመኑ!

በኅዳር ጎረቤቱ ፈንቴ ለልጁ እናንዬ የምትባል የሩቅ መንደር ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ፈለገ። የልጅቱ አባት እስከ እሑድ ረፋድ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ወገን ይመጣል ብሎ ልኮበታል። ልጁ ያለ እናንዬ አላገባም ብሎ ምሏል። ጓዴ የሽማግሌዎቹን መሪነት ለማንም አልሰጥ አለ።

"ሽመላ የመራሁ ሰው የሦስት ሰዓት መንገድ ያቅተኛል?"

እሑድ ማለዳ ከአባ ይመኑና ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር ተነሣ። ከጣና የመጣ ጉም ሜዳውን ውጦታል። አባ ይመኑ የከብት ነጂ ድምፅ ሰምተው መንገድ እንጠይቅ ቢሉ፣ መሪ መንገድ አይጠይቅም ብሎ ተቆጣ። ውስጡን ግን ፈርቷል፤ የሚረግጠውን አያውቀውም። ድንገት ከራሱ በላይ የክንፍ ድምፅ ሰማ። ሽመላዎች! እፎይ አለ።

"ልጆቼ ደረሱልኝ፤ በሉ ተከተሉኝ" አለ፣ እሱ ወፎቹን እየተከተለ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ በጉሙ ውስጥ አንድ አጥር አገኙ። ጓዴ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ "ቤቶች" አለ። በሩን የከፈተችው የገዛ ሚስቱ ናት። ሽመላዎቹም እንደ ልማዳቸው ሽምብራው ላይ ሰፍረዋል።

"ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?" አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጉሙ ተገፎ እየሮጡ የልጅቱ አባት ቤት ሲደርሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ እናንዬ ለሌላው ወገን ተፈቅዳ፣ ሰዎቹ ምርቃት ላይ ነበሩ። የፈንቴ ልጅ ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ፈንቴ ምን አገኛችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ አባ ይመኑ የእግራቸውን ጭቃ እየጠረጉ፣ "ምን ይደረግ ልጄ፤ ለሽመላ መሪ፣ ለራሱ ዟሪ" አሉት።