ጾም ያለቀበት ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ወይፈን ቀጥቃጭ። ጥያቄህን የምመልስልህ በእሱ ነው። ቁጭ በል። ጋቢህን አጥፈህ ከሥርህ ማድረግህን አይቻለሁ፤ እንደተመቸህ ተቀመጥ እንጂ አትፈር። «አባ፣ ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ በጾም ቢለያዩ ምን ነውር አለው? የነፍስ አባቴ ነዎትና ይፍቀዱልኝ» ነው ያልከኝ። እንግዲህ ስማኝ።

ይህ ሰው እንዳልኩህ ሥራው ወይፈን መቀጥቀጥ፣ ማኮላሸት ነበር። ወይፈን ካልተቀጠቀጠ ቀንበር አይለምድም፤ ላም ባየ ቁጥር ሞፈር ሰብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የአገሩ ሰው ወይፈኑን እየጎተተ ወደ እሱ ደጅ ይመጣል። ጎረምሶቹ ጠልፈው ይጥሉለታል፤ እሱ ሥራውን ይጨርሳል። እጁ ቀላል ነበር። እሱ የነካው ወይፈን አይቆስልም። ሲጨርስ የወይፈኑን ጆሮ ይዞ «አይዞህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐሳብህ እርሻ ብቻ ነው» ይለዋል። ሰውም ይስቃል። ይህችን ቀልድ ዕድሜውን ሙሉ ተናግሯታል።

ሚስቱ ስንዱ ትባል ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተዋል። ይዋደዱ ነበር። ከገበያ ሲመለሱ እንደ ሌላው ሰው እሱ ከፊት እሷ ከኋላ አይሄዱም፤ ጎን ለጎን እያወሩ ይመጣሉ። አገሩ በዚህ ይቀልድባቸዋል፤ ይቀናባቸውማል።

ከጊዜ በኋላ ሰውየውን ሽንት ይከለክለው ጀመር። ጠበል ሞከረ፣ ሥር ጠጣ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ከተማ ወርዶ ሆስፒታል ገባ። ከፊኛ በታች ፕሮስቴት የሚሉት እጢ አለ፤ እሱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ኦፕራሲዮን ተደርጎ እጢው ወጣለት። ሐኪሙ ወጣት ነበር። ከመሸኘቱ በፊት አስቀምጦ ነገረው።

«አባባ፣ ለጊዜው ሽንት ያመልጥዎታል። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ታችኛውን ጡንቻ ጠበቅ ለቀቅ ያድርጉ፤ በወራት ውስጥ እየተሻለዎት ይሄዳል። የወንድነት ኃይልም ይደክማል። እሱ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ዘር ከእንግዲህ አይወጣም፤ ፍቅር ግን በዚህ አይቀርም። ለአንዳንዱ ሰው እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፤ ለዚያም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። በሚቀጥለው ሲመጡ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፤ ለሁለታችሁም ላስረዳ።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በልቡ ግን «ይህ የከተማ ልጅ ወይፈን ቀጥቅጦ አያውቅም» አለ። እሱ ስንቱን ቀጥቅጧል! ከመካከላቸው አንድም ተመልሶ ኮርማ የሆነ አላየም። ሐኪሙ የነካው ሌላ፣ እሱ ሲቀጠቅጥ የኖረው ሌላ መሆኑን አልጠየቀም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበርና ራሱን በዚያው ለካ፤ በዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በራሱ ላይ ፈረደ። ወደ ሐኪሙም ሁለተኛ አልተመለሰም።

አገሩ ሲገባ ሐኪሙ እንዳለው ሽንቱ ያመልጠው ነበር። ሲያስነጥስ፣ ዕቃ ሲያነሣ፣ ሲስቅ ጠብ ይላል። አሮጌ ነጠላ ቀዶ ጨርቅ አጥፎ ይይዛል። ጨርቁን ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ ያጥበዋል፤ ማንም እንዳያይበት ከበረቱ የድንጋይ ግድግዳ፣ ከአንድ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፈዋል። ማታ ከብቱን ሲያስገባ ያወጣዋል። ቅዳሴ ገብቶ መቆም ተወ፤ ከቅጥሩ ውጭ ከዛፍ ሥር ይቆም ጀመር። ጠዋት ሲነቃ ሰውነቱን ያዳምጣል። ዝም ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ማኅበር ተጠጣ። ጎረቤቱ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ «ሰማችሁ? ያገሩ ወይፈን ሁሉ ደሙን መለሰ አሉ!» አለ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ጎረቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩንም አጥርቶ አያውቅም፤ «ኦፕራሲዮን የሆነው ከወደታች ነው» ሲባል ሰምቶ ቀለደ እንጂ። ሰውየውም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ሲስቅ ጨርቁ ራሰ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ተሰነባብቶ እስኪበተን ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በጾም ባልና ሚስት መኝታ እንደሚለዩ ታውቃለህ። ፍልሰታ ሲገባ ሰውየው አጎዛውን አንሥቶ መደቡ ላይ ተኛ። ስንዱም ደግ ነው አለች። ፍልሰታ ተፈታ፤ እሱ አልተመለሰም። «ጽጌን እጾማለሁ» አላት። ከጽጌ ወደ ነቢያት ተሻገረ። ከገና በኋላ ጾም ቢያጣ «ስእለት አለብኝ» አለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባለት። ሌባ ከጥላ ወደ ጥላ እንደሚሻገር እሱም ከጾም ወደ ጾም ተሻገረ።

አገሩ «የስንዱ ባል ጻድቅ ሆነ» አለ። ሴቶቹ ከምንጭ ሲገናኙ «አንቺስ ታድለሽ! የኛዎቹ እንኳን ጽጌን ዓርብንም በግድ ነው» ይሏታል። እሷ እንስራዋን አዝላ ትሄዳለች። ምን ትበል? ባሏ መኝታ መለየቱ ብቻ አልነበረም። ምግብ ስታቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እጇ እጁን ሲነካው ይሸሻል። ከገበያም ብቻውን ቀድሞ ይመጣል። መጀመሪያ ሕመሙ ነው ብላ ታገሠች። እየቆየ ግን ከተማ ደርሶ ሲመለስ የተጸየፋት መሰላት። መስተዋት ተውሳ ፊቷን አየች። «አርጅቻለሁ» አለች።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው ተበላ፣ እንግዳው ተሸኘ። ስንዱ አናቷን ቅቤ ተቀብታለች፤ ያጠበችውን ቀሚስ ለብሳለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ፀሐይ እስከ መደቡ ድረስ ገብታለች። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ጾም የለም» አለችው።

እሱ አጎዛውን በእጁ ጨበጠ።

«ረቡዕም የለም፣ ዓርብም የለም። እስከ ጰራቅሊጦስ ቄሱም አይጾም። አሁን ምን ልትለኝ ነው?»

«ምን እንድልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ያመመህን ንገረኝ። አስቀይሜህም ከሆነ ንገረኝ።»

ልጄ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ሰውየው የሚደበቅበት ጾም አልቆበታል። «አፈርኩ» ቢል ይበቃው ነበር፤ አንዲት ቃል ነች። እሱ ግን አቃተው ከሚባል ሚስቱን ጠላ ቢባል ይሻለኛል አለ። ቀና ብሎ አያትና «ሰልችተሽኛል» አላት። «ካንቺ ጋር መኖር በቃኝ።»

ስንዱ አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የተጨማደደውን አጎዛ አስተካከለችለት፤ ከዚያም ወደ ውጭ ወጣች። በማግስቱ ጓዟን ይዛ ወደ ወንድሟ አገር ሄደች።

በዚያ ሳምንት ሰውየው እንደ ልማዱ እጁን ወደ በረቱ ስንጥቅ ሰደደ። ጨርቁ እርጥብ ነበር። በሌላውም ቀን እርጥብ ነበር። ቆይቶ ሸተተ፤ ሻገተ። ሰውየው ጨርቁን እንደያዘ ከብቶቹ መካከል ቆሞ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ከዚህ ስንጥቅ የሚያወጣው ጨርቅ ደረቅ ነበር፤ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በማያባራበት ጊዜ እንኳ ደረቅና ለስላሳ ነበር። ነፋስ የሚያደርቀው ይመስለው ነበር። በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ የትኛው ነፋስ?

ስንዱ ነበረች። እሱ ከብቱን ይዞ ሲወጣ ጨርቁን ታወጣዋለች፤ እሳት ዳር ታደርቀዋለች፤ እንዳያፍር ብላ እንደነበረ አድርጋ መልሳ ትወትፈዋለች። ሽንቱ እንደሚያመልጠው ታውቅ ነበር። ያላወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁንም እንደሚወዳት።

በማግስቱ ሊሄድ ተነሣ፤ እፍረቱ ያዘው። ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ አለ። ወንዙ ሲጎድል ሌላ ምክንያት አገኘ። መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ ወንድሟ አገር ተጓዘና ደረሰ። ስንዱን ቆብ ደፍታ አገኛት። ባሏ በቃኝ ብሎ አሰናብቷታል፤ ወዴት ትሂድ? መንኵሳ ከገዳም ገብታ ነበር። ከገዳሙ አጥር ውጭ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ እጢውን፣ ሽንቱን፣ ድካሙን፣ የማኅበሩን ሣቅ፣ የወይፈኖቹን ነገር። እሷ ከምንጭ ስትመለስ ነበርና እንስራዋን ሳታወርድ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይኸው ነው?» አለችው።

«ይኸው ነው።»

«ለዚህ ነው ቆብ ያስደፋኸኝ?»

ስንዱ ፊቷን መለሰች። አንድ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመችና ዞር ሳትል «ጨርቁን እሳት ዳር አድርቀው፤ ስንጥቁ ውስጥ አይደርቅም» አለችው። ከዚያ ገባች።

ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ያለው ሁሉ ሆነ። ሽንቱ ቀስ በቀስ ተያዘ፤ ጨርቁም አላስፈለገውም። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ ብቻውን ከተኛበት መደብ ላይ፣ ሞቷል ያለው ሰውነቱ ነቃ። የተቀጠቀጠ ወይፈን እንዳልነበረ ያን ጊዜ ዐወቀ። ማንን ይጥራ? ለማን ይንገር? ጋቢውን ተከናንቦ እስኪረፍድ ድረስ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ወይፈን የሚያመጣለትን ሰው ሁሉ ከደጅ ይመልስ ነበር። ሲሞትም አገሩ በጻድቅነቱ ቀበረው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንተን ይመስላል። ሆስፒታል ገብተህ መውጣትህን ሰምቻለሁ፤ ሕመሙን ግን አልነገርከኝም። ጾም ይፍቀዱልኝ አልከኝ እንጂ። ጾምን አልነፍግህም፤ ጾም ለእግዚአብሔር ነው። አንተ የምትለምነኝ ግን ጾም አይደለም፤ ስንጥቅ ነው፤ እርጥብ ነገር የምትወትፍበት።

ተስፋ ልስጥህ ብዬም አይደለም ይህን ያወራሁህ። ኃይልህ ይመለስ አይመለስ እኔ አላውቅም፤ ለአንዳንዱ አይመለስም፤ ሐኪሙም ይህን አልሸሸገም። ነገር ግን ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ኃይሉ ባይመለስለት እንኳ፣ እውነቱን ቢነግራት ኖሮ ስንዱ ከጎኑ ትኖር ነበር። ያጣት በሐኪሙ ቢላዋ አይደለም። በገዛ አንደበቱ ነው።

ባለቤትህ ከግቢው በር ላይ ጥላዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አብራህ ልትገባ ስትል «አንቺ እዚያው ቆዪ» ስትላት ሰምቻለሁ። እዚያ ስትቀመጥ አየኋት፤ ከነጠላዋ ሥር አንድ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይዛለች። ለማን እንደያዘችው አንተ ታውቃለህ።

ተነሥና ወደ እሷ ሂድ። ከየት ልጀምር ካልከኝ፣ ከጨርቁ ጀምር።