ምንታምር የተቀመጠችበት ወንበር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ይሄ የላም ነገር አይደለም፣ የወንበር ነገር ነው። በረቱም የሆስፒታል መጋዘን ነው።

በአንዲት የወረዳ ከተማ በለጡ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ምንታምር ስምንት ዓመቷ ነው። አፏ ጤፍ ይቆላል፣ እግሮቿ ግን ከተወለደች ጀምሮ አልታዘዟትም። በለጡ አዝላት ስትዞር ኖረች። ልጅ ያድጋል፣ የእናት ወገብ ግን አያድግም። ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል። ርእሰ መምህሩ «በዊልቸር ከመጣች ቦታዋን ይዤላታለሁ፤ ሰኞ ካልመጣች ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ» ብለዋል። እንግዲህ የምንታምር ምኞት አንድ ዊልቸር ነው።

ዊልቸር ደግሞ አለ። ለከተማዋ ልጆች ተብሎ የመጣ፣ መጋዘን ውስጥ የተደረደረ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ በመስኮት የሚታይ።

በለጡ ልጇን አዝላ መጋዘን ጠባቂው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ፤ ልጄ ዊልቸር ታግኝ።»

«ማኅተም የሌለው ወረቀት መጋዘን አያስከፍትም» አላት፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

ማኅተም ያዥዋ ዘንድ ሄደች።

«እህቴ፣ ማኅተም ምቺልኝ፤ መጋዘኑ ይከፈት፤ ልጄ ዊልቸር ታግኝ።»

«ሐኪም ያልጻፈውን አልመታም» አለች ማኅተም ያዥዋ።

ሐኪሙ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በለጡ ልጇን ከታች አስቀምጣ ደረጃውን ወጣች።

«ዶክተር፣ ይጻፉልኝ፤ ማኅተሙ ይመታ፤ መጋዘኑ ይከፈት፤ ልጄ ዊልቸር ታግኝ።»

«መራመድ አለመቻሏን በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም። የታለች?»

«ታች ናት። እሷን አዝዬ ይሄን ሁሉ ደረጃ አልችልም፣ ወገቤ ሞቷል።»

«ሊፍት አለ እኮ» አላት።

ስሙልኝ እንግዲህ። መራመድ የማትችል ልጅ፣ መራመድ አለመቻሏን ለማስመስከር ሦስት ፎቅ ትውጣ ነው የሚባለው። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በለጡ ግን ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ወረደች።

ሊፍቱ ግንባሩ ላይ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ለጥፎ ተገትሯል።

«አንተ ሊፍት፣ ውጣልኝ፤ ሐኪሙ ይጻፍ፤ ማኅተሙ ይመታ፤ መጋዘኑ ይከፈት፤ ልጄ ዊልቸር ታግኝ።»

ሊፍቱ ዝም። በእሱ ፈንታ በአጠገቡ ያለፈው ቴክኒሻን መለሰላት። «እኔ ሳልጠግነው አይወጣም፤ እኔም የሆስፒታሉ ኃላፊ ሳይፈርሙ አልጠግንም።»

የኃላፊው ቢሮ ከታች ምድር ላይ ነው። እሳቸው ደረጃ የለባቸውም።

«ጌታዬ፣ ይፈርሙልኝ፤ ቴክኒሻኑ ይጠግን፤ ሊፍቱ ይውጣ፤ ሐኪሙ ይጻፍ፤ ማኅተሙ ይመታ፤ መጋዘኑ ይከፈት፤ ልጄ ዊልቸር ታግኝ።»

«ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ሳላጤነው አልፈርምም» አሉ፣ ኮታቸውን እየለበሱ። «አሁን ስብሰባ አለብኝ። ነገ ነይ።»

ነገ መጣች፣ ነገ ነይ ተባለች። ደጅ ስትጠና ሐሙስ አለፈ። ኃላፊው ካልተቀመጡ አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ቴክኒሻኑ አይጠግንም፤ ካልጠገነ ሊፍቱ አይወጣም፤ ካልወጣ ሐኪሙ አይጽፍም፤ ካልጻፈ ማኅተሙ አይመታም፤ ካልተመታ መጋዘኑ አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ምንታምር ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

ዓርብ ጠዋት ምንታምር እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ጠየቀች። «እማዬ፣ የኃላፊው ወንበር ጎማ አለው አይደል?»

«አለው።»

«እሳቸውም መራመድ አይችሉም?»

በለጡ ቆመች። ቆማ አሰበች። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ መሄዷን ትታ ወደ አባቷ ቤት ዞረች፤ አባባ ሞገሴን ከነከዘራቸው፣ ከነነጭ ጺማቸው ይዛ መጣች። ጸሐፊዋን ሳታስፈቅድ በሩን ከፈተች፣ ሽማግሌውን አስቀደመች።

ኃላፊውን መቼም እናት አሳድጋቸዋለች። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ ነውር ነው። ሳያስቡት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኖር አባቴ።»

«በእግዜር» አሉ አባባ ሞገሴ።

በዚህ መሃል በለጡ በጠረጴዛው ዞራ ምንታምርን ከጀርባዋ አወረደችና ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አደረገቻት።

«ምን መሆንሽ ነው? አንሻት እንጂ» አሉ ኃላፊው።

«ዊልቸሯ ሲመጣ ትነሳለች።»

ኃላፊው የእንግዳ ወንበር ሳቡ። ግን ሽማግሌ ቆሞ እንዴት ይቀመጣሉ? «ይቀመጡ አባቴ» አሉ።

«ልጄ፣ እሷ ዊልቸሯ ላይ ሳትቀመጥ እኔ አልቀመጥም። አንተ ግን ተቀመጥ፣ እኔ አልቀየምህም።»

አልተቀመጡም። ቆመው ቴክኒሻኑን አስጠሩ። ቴክኒሻኑ ሊፍቱን ነካክቶ ተመለሰና «ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ወር ይፈጃል» አለ። ኃላፊው አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ቆሙ። በመጨረሻ ስልኩን አነሱ።

«ዶክተር፣ በደረጃው ውረድ» አሉ።

ሐኪሙም ወረደ። በሁለት እግሩ ወረደ። ሐኪሙ ሲወርድ ልጅቷን አየ፤ ሲያይ ጻፈ፤ ሲጽፍ ማኅተሙ ተመታ፤ ማኅተሙ ሲመታ መጋዘኑ ተከፈተ፤ መጋዘኑ ሲከፈት ዊልቸሩ ወጣ። ምንታምር ዊልቸሯ ላይ ተቀመጠች፤ ምንታምር ስትቀመጥ አባባ ሞገሴ ተቀመጡ፤ እሳቸው ሲቀመጡ ኃላፊው ተቀመጡ። ያንን የሊፍት ፊርማ የጠየቀ ማንም አልነበረም።

በለጡ ከመውጣቷ በፊት ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር፣ ደረጃው ከበደዎት?»

«ኧረ ምንም አይል» አላት፣ እየሳቀ።

ያን ጊዜ ነው አንጀቷ ያረረው። ሳምንቱን ሙሉ ያላለቀሰችው ሴትዮ እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች። ምንታምር ግን ጎማውን በእጇ እየገፋች ኮሪደሩን ጨርሳ ነበር፤ ሰኞም ትምህርት ቤት ቦታዋን ያዘች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ገና አልበረደልኝም። ሌሎቹ ዊልቸሮች እንደተደረደሩ ናቸው፣ በመስኮት ይታያሉ።