የጎበጠው ፒራሚድና የኢፒ ደጅ

ከአባይ በስተ ምዕራብ፣ እርሻው አልቆ በረሃው በሚጀምርበት ዳርቻ፣ እንደደከመው ሽማግሌ ወገቡ ላይ ጎበጥ ያለ ፒራሚድ ቆሟል። አገር ጎብኚ «ሲሠሩት ተሳስተው ነው» ብሎ ይስቃል፤ ይሳቅ፣ ሳቅ አይከለከል። በአቅራቢያው ባለችው መንደር ያሉ ሽማግሌዎች ግን አይስቁም፤ ያ ጉብጠት ከሐዘን የመጣ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ የዚያ አገር ነገሥታት ቀድሞ ይቀበሩ የነበረው ደረጃ በደረጃ በተካበ መቃብር ነበር። አንድ ንጉሥ ግን ደረጃ ሰለቸኝ አለና የግንበኞቹን አለቃ ኢፒን አስጠርቶ፣ የመቃብሩን ደረጃ በድንጋይ ሞልቶ ከጫፍ እስከ ሥር እንዲያለሰልስለት አዘዘው። አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው ውጭ ስለሚያርፍ መሠረቱ ዐለት እስኪገኝ መቆፈር ነበረበት፤ የንጉሡ በዓል ስለተቃረበ ግን እዚያው አሸዋው ላይ ይደረድሩት ጀመር።

የኢፒ አንድያ ልጅ ሰንቢ ከታች ሆኖ ድንጋይ ያስተካክል ነበር። «አባባ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ይሸሻል፤ ሰዉን እናውጣና እንቆፍር» አለው። ኢፒ አሸዋ መሆኑን አጥቶት አይደለም፤ ንጉሡን ፈርቶ ነው። «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ! ይልቅ ሥራህን ሥራ» ብሎ መለሰው። ወይ አለመታደል! በማግስቱ የለሰለሰው ግንብ ተንዶ ሰንቢን ከነጓደኞቹ ዋጣቸው። ክምሩ የሚነሣ አልነበረምና ሬሳ እንኳ አልወጣም። እናቱ ሄኑት ፍርስራሹ ሥር ተቀምጣ «ልጄን አውጡልኝ» ስትል ከረመች፤ ባሏን ግን አንዲት ቃል አልተናገረችውም።

ንጉሡ ሌላ ይሠራልኝ አለ። ኢፒም ጀመረው፤ ምን ያድርግ? ግንቡ እኩሌታው ሲደርስ ድንጋዮቹ ይሰነጣጠቁ ጀመር፤ ከሥር ደግሞ የሰው ልጆች አሉ። በዚህ ጊዜ ኢፒ ማንንም አላስፈቀደም። ሠራተኛውን ሁሉ አወጣና፣ ክብደቱ እንዲቀንስ የላይኛውን ቁልቁለት አጋድሞ ሊጨርሰው ቆረጠ። የንጉሡ መልእክተኛ መጥቶ «ጎብጦ ሊቀር ነው? ምን ጉድ ነው ያመጣህብን!» ቢለው፣ «እኔን ቅጡኝ፤ ግንቡ ይጉበጥ፣ ሰዉ ግን ቤቱ ይግባ» አለ ይባላል።

ሥራው ያለቀ ዕለት አመሻሹ ላይ ኢፒ በየደጁ እየዞረ እናቶቹን «ልጅሽ ገባ?» እያለ ጠየቀ። «ገብቷል፣ ዕድሜ ይስጥዎት» አሉት። በመጨረሻ ከራሱ ደጅ ደረሰ። ሄኑት በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷን መጠየቅ አቃተው፤ አንገቱን ደፍቶ በአጠገቧ አልፎ ገባ።

ዛሬም በዚያች መንደር ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ፣ የግንበኞቹ አለቃ በየሠራተኛው ደጅ እየዞረ «ልጅሽ ገባ?» ይላል። የራሱ ልጆች በሰላም ገብተው ራት እየጠበቁት እንኳ ቢሆን፣ ከገዛ ደጁ ሲደርስ ምንም አይጠይቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ይገባል።